ከምግብ ዝርዝሩ በፊት በረዶው ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሴፕቴምበር ገብቶ የአሜሪካ ፉትቦል በጀመረ ቁጥር በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ቴይልጌት አንድ ነገር ይወጣል። የሚወጣው ግን ሁልጊዜ የምግብ ዝርዝር ነው፤ የዶሮ ክንፍ በምን ይቀመም፣ ለበርገር የትኛው ሶስ ይሻላል የሚል። ክፋት የለውም። ነገር ግን ስታዲየም ፓርኪንግ ውስጥ ቅመም ጎድሎት የተበላሸ ድግስ አናውቅም። የሚበላሸው በረዶው ግማሽ ቀን ሳይሞላው አልቆ፣ የጥሬ ዶሮ ውኃ ሰላጣው ላይ ፈስሶ፣ በርገሩ ሳይገለበጥ ጋዙ ጠፍቶ፣ ወይም ላይተሩ ቤት ቀርቶ ነው። እነዚህ ሁሉ የአጫጫን ጉዳዮች ናቸው። ቦታ ከፈቀዳችሁልን ስለዚሁ እንጽፍ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ፦ ቴይልጌት ማለት የፒክአፕ ወይም የስቴሽን ዋገን የኋላ መዝጊያ ነው። ሰዎች ከጨዋታ በፊት ስታዲየሙ ፓርኪንግ ውስጥ መዝጊያውን ከፍተው፣ እሱኑ ጠረጴዛ አድርገው ስለሚበሉና ስለሚጠጡ ድግሱም በዚያው ስም ቀረ።

ማንኛውም ዝግጅት የሚጀምረው የዚያን ስታዲየም የፓርኪንግ ደንብ ከማንበብ ነው፤ አንዱ ቦታ የሚፈቀደው ሌላው ጋ ይከለከላል። በኦክስፎርድ፣ ሚሲሲፒ ባለው ‹ዘ ግሮቭ› በተባለው የታወቀ የቴይልጌት ሜዳ ለምሳሌ ከዛፎቹ ሥር እሳት ማንደድ አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ያለቀለት ምግብ ይዞ ነው የሚመጣው። ሌላው ቦታ ጋዝ ይፈቀድና ከሰል ይከለከላል፣ ወይም ጠርሙስ ጨርሶ አይገባም። ጠጅ ለማምጣት ያሰበ በፕላስቲክ ዕቃ ገልብጦ ይምጣ። ግሪል ጭኖ ከመሄድ በፊት አምስት ደቂቃ ማንበብ በር ላይ ከመከራከር ይሻላል። ወደ ስታዲየሙ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ደግሞ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ከ2013 ጀምሮ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ሲቀር፣ ግልጽ ቦርሳ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ መጠኑ ከ12 በ6 በ12 ኢንች የማይበልጥ፣ ወይም አንድ ጋሎን የሚይዝ ዚፕ ያለው ግልጽ ከረጢት። ከምግቡ ዕቃ ጋር አምስት ስድስት ትርፍ የጋሎን ከረጢት የሚይዝ ሰው በር ላይ የብዙ ሰው ባለውለታ ይሆናል።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ፤ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነውና።

ብዙ ሰው መጠጡን ከጋራዥ አውጥቶ እንደሞቀ ኩለር (ቅዝቃዜ የሚይዝ ሣጥን) ውስጥ ይከትና በላዩ በረዶ ያፈስሳል። በረዶው ያቀዘቅዘዋል ብሎ ነው። ያቀዘቅዘዋል፤ ግን ራሱ እየጠፋ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃን በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማቀዝቀዝ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። የአንድ ካርቶን 24 ጣሳ፣ እያንዳንዱ 12 አውንስ፣ ተደምሮ 8.5 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህን ከ77 ዲግሪ ፋራናይት (25 ሴልሺየስ) ወደ 37 ዲግሪ (3 ሴልሺየስ) ለማውረድ ብቻ 5 ፓውንድ ያህል በረዶ ያልቃል። ሁለት ካርቶን ሞቃት ቢራ ከመንገድ የተገዛውን ባለ 10 ፓውንድ ከረጢት ሙሉ በሙሉ ይበላዋል ማለት ነው፤ ገና ፀሐዩ ሳይነካው፣ ገና ክዳኑ ሳይከፈት። መጠጡ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ግን ያው በረዶ ቀኑን ሙሉ ለመጠበቅ ብቻ ይውላል።

ኩለሩም ራሱ መቀዝቀዝ አለበት። በጋራዥ ሙቀት የዋለ ወፍራም የፕላስቲክ ግድግዳ የመጀመሪያውን በረዶ የሚበላው እሱ ነው። ዋዜማውን ወደ ቤት ይግባ፣ ውኃ ተሞልተው በረዶ የሆኑ ሁለት ሦስት ጠርሙሶች ይቀመጡበትና ተዘግቶ ይደር። ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላ፤ ሁለት ጣት ያህል ይጉደል።

ኩለር ስንት ያስፈልጋል ለሚለው መልሳችን ሦስት ነው፤ ሁለት ካልሆነ ደግሞ ቤት መቅረት ይሻላል። አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለጥሬ ሥጋ፣ አንዱ እንዳለ ለሚበላው፦ ሰላጣ፣ አይብ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ሶስ። ምክንያቱ ንጽሕና ብቻ አይደለም። የመጠጡ ኩለር በየሁለት ደቂቃው ይከፈታል፤ የሥጋው ግን በቀን ሦስቴ ቢከፈት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ቢራ በተነሣ ቁጥር ለዶሮው ሙቅ አየር ያጠጣዋል።

አሞላላቸውም ይለያያል። መጠጡ የተፈጨ ወይም የተቆራረጠ በረዶ ይፈልጋል፤ ሲቀልጥም ውኃው መደፋት የለበትም። ውኃ የሌለው በረዶ ጣሳውን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፤ የበረዶ ውኃ ግን ዙሪያውን ይይዘዋል። እንግዳ በድንገት ሞቃት ጣሳ ይዞ ከመጣ አንድ እፍኝ ጨው ውኃው ውስጥ ጣል ማድረግ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ጨው የበረዶውን የመቅለጫ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርገው። የሥጋው ኩለር ተቃራኒ ነው፤ ልል በረዶ አይገባበትም። ውኃ ሆኖ እሽጉ ውስጥ ይገባል፣ የሥጋ ደም ይዞ ይወጣል፣ ሁሉንም ይበክላል። እዚያ የሚገባው በጠርሙስ በረዶ የሆነ ውኃ ወይም አንድ ወጥ ትልቅ የበረዶ ጡብ ነው፤ ትልቁ ጡብ ገጽታው ከክብደቱ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ጥሬው ሥጋ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ሆኖ ከሥር፣ በረዶው ከላይ፤ ቅዝቃዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ በፎጣ ወይም በተጨማደደ ወረቀት ይሞላ። ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ ለዚህ ይሆናል፤ አዘጋጁ ይቅር ይበሉን።

ለ20 ሰው፣ መጠጡ ቀድሞ ከቀዘቀዘ፣ 40 ፓውንድ በረዶ ይበቃል፦ ግማሹ ለመጠጡ፣ 10 ፓውንድ ያህል ለምግቡ፣ የቀረው ብርጭቆ ውስጥ ለሚገባው። ይህ የመጨረሻው ከረጢቱ ሳይከፈት ለብቻው ይቀመጥ፤ ሃያ ሰው እጁን የነከረበትን የኩለር በረዶ ለልጆች ጁስ መጨመር አይገባም። የራሱ ማንኪያ ይኑረው።

ኩለሩ ውስጥ አንድ የፍሪጅ ቴርሞሜትር መጣል ጥቂት ዶላር ነው የሚፈጀው፤ ክርክርንም ያስቀራል። መስመሩ 40 ዲግሪ ፋራናይት ነው (ከዚህ በኋላ ያለው ዲግሪ ሁሉ በፋራናይት ነው)። ከ40 እስከ 140 ዲግሪ ባለው መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ‹የአደጋ ቀጠና› የሚለው ይህንን ነው። እዚያ ውስጥ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ውጭው ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ሴፕቴምበር ላይ በቴክሳስ ወይም በፍሎሪዳ አስፋልት ላይ የሚሠራው ባለ 1 ሰዓቱ ነው። እዚህ ላይ ማዮኔዝ በከንቱ ይታማል። የሱቅ ማዮኔዝ አሲድ ስላለው ራሱ ቶሎ አይበላሽም፤ የሚበላሸው ከሱ ጋር የተለወሰው ድንች፣ እንቁላልና ዶሮ ነው። በአንጻሩ የተቆረጠ ቲማቲም፣ የተከተፈ ሰላጣና የተቆረጠ ሐብሐብ ማንም ሳይጠረጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ይውላሉ፤ እነሱም ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ።

ሥጋው ቤት ተሠርቶ መሄድ አለበት። ፓርኪንግ ውስጥ ሥጋ ማሸትና መቁረጥ ማለት ውኃ በሌለበት እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ ማቆሸሽ ነው። ለ20 ሰው በርገር 7 ፓውንድ የተፈጨ ሥጋ፣ 80 በመቶ ሥጋና 20 በመቶ ስብ የሆነው፣ በሦስት አንድ ፓውንዱ ተከፍሎ 21 ይወጣዋል። ስቡ ከዚያ ያነሰ ሥጋ ግሪል ላይ ደርቆ ይቀራል። እያንዳንዱ ጠፍጠፍ ብሎ፣ መካከሉ በአውራ ጣት ጎድጎድ ተደርጎ (ካልሆነ ሲበስል እንደ ኳስ ያብጣል)፣ በመሃል በመሃል የመጋገሪያ ወረቀት ገብቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይደርደር። ጨው እዚያው ግሪሉ አጠገብ ይነስነስ፤ ከዋዜማው ከተጨመረ በርገሩ እንደ ቋሊማ ጥብቅ ይላል። የዶሮ ክንፍ ለሰው 4 ከታሰበ 80 ቁራጭ፣ ከ8 እስከ 10 ፓውንድ ነው። ይህን ያህል ክንፍ በትንሽ ግሪል ከጥሬው ማብሰል ሌላውን ሁሉ ያስጠብቃል። ቤት ኦቨን ውስጥ እስከ 165 ዲግሪ ሙሉ ለሙሉ ይብሰል፣ ይቀዝቀዝ፣ እዚያ ደግሞ ሶስ ተቀብቶ እሳት ይምታው። ግማሽ አብስሎ አቀዝቅዞ መውሰድ ግን ጨርሶ አይሆንም፤ ባክቴሪያውን ሳይገድል ያሞቀዋል፣ ከዚያ ለመራባት ጊዜ ይሰጠዋል።

መብሰሉ በቴርሞሜትር እንጂ በዓይን አይታይም። የተፈጨ ሥጋ 160፣ ዶሮ 165፣ ሙሉ ቁራጭ የበሬ ሥጋ 145 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ያርፍ። በርገር 160 ሳይደርስ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ደርሶም ቀይ ሊቀር ይችላል። መርፌውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ወደ መሃል ማስገባት ነው፤ ከላይ ከሆነ ስሱን ሥጋ ዘልቆ የግሪሉን ሙቀት ያነባል። ጉጠት ሁለት ይያዝ፣ በአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ፕላስተር ይጠቅለልበት፦ ቀዩ ለጥሬ ብቻ። ጥሬውን ያመጣው ትሪም የበሰለውን አይቀበል። አንድ ዘዴ አለ፤ ጥሬ የሚቀመጥበት ትሪ ላይ ቀድሞ ፎይል ማንጠፍ፣ ሥጋው ግሪል ሲወጣ ፎይሉን ጠቅልሎ መጣል። ከሥሩ ንጹሕ ትሪ ይገኛል።

ስለ ክትፎ ሳናነሳ ብናልፍ አንባቢው ራሱ ያነሳዋል። ሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው ያለው ገጹ ላይ ነው፤ እሳት ሲነካው ይሞታል። ሲከተፍ ግን ገጹ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቂቤ ተነክቶ፣ ለብ ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ተነድቶ፣ ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል። ቤት ከቢላዋ ወደ ገበታ በደቂቃ የሚበላው ሌላ ነገር ነው፤ ፓርኪንግ ላይ ግን አይሆንም፤ ጎረድ ጎረዱም እንደዚሁ። ያላስቻለው ሥጋውን ጎርዶ ጥሬውን በኩለር ያምጣና እዚያው ብረት ምጣድ ላይ ይጥበሰው። ብረት ምጣድ ግሪል ላይ ተጥዶ 10 ደቂቃ ከጋለ የሚወጣው ጥብስ ከበርገሩ ሰልፍ ሰው ይነጥቃል።

ወጥ ለማምጣት የሚያስብም አለ። ፈሳሽ ወጥና ቆሞ መብላት አይስማሙም፤ ወፈር ያለ ይሁን፣ እንጀራውም ቤት ተጠቅልሎና ተቆርጦ ይምጣ። እንጀራ ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበውና ይጣበቃል፤ ሙሉ ለሙሉ ቀዝቅዞ በጨርቅ፣ ከዚያ ላስቲክ። ነፋስ ላይ ከተከፈተ ደግሞ በደቂቃዎች ጫፉ ይደርቃል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይውጣ። ወጡ ከዋዜማው የሚሠራ ከሆነ ዋናው አደጋ አበሳሰሉ ሳይሆን አበራረዱ ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ምድጃ ላይ አድሮ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ከፍታው ከ2 ኢንች በማይበልጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ተገልብጦ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ70 ዲግሪ በታች፣ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 40 ይውረድ። ጠዋት እስከ 165 እንደገና ይፍላ።

ከዚያ ትኩስ ሆኖ እንዲደርስ ያው ኩለር ይሠራል፤ ሙቀትንም ይይዛል እንጂ ቅዝቃዜን ብቻ አይደለም። ሙቅ የቧንቧ ውኃ ተሞልቶ ለግማሽ ሰዓት ተዘግቶ ይቀመጥ፣ ውኃው ይደፋ፣ ይደረቅ፣ ወፍራም ፎጣ ይነጠፍበት፣ በፎይል የተሸፈነው ትኩስ ዕቃ ይግባ፣ በላዩም ሌላ ፎጣ። ሙሉ ከሆነ ለ3 ሰዓት ያህል ከ140 በላይ ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ አይይዝም። የፈላ ውኃ መጨመር ግን ርካሹን ኩለር ውስጡን ያጣምመዋል። ሽሮ፣ ምስርና ቺሊ ለመሳሰሉት አፈ ሰፊ ፔርሙዝ የተሻለ ነው፤ እሱ የፈላ ውኃ ይችላል፣ 5 ደቂቃ ይሙቅበትና ይደፋ።

ጾመኛውንም አንርሳ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ማለትም ኖቬምበር 24 አካባቢ ይገባል፤ በታንክስጊቪንግ ሰሞን ማለት ነው። ከዚያ እስከ ገና ያለው የወቅቱ ሞቅ ያለ ክፍል በሙሉ በጾም ውስጥ ነው። ለጾመኛ ‹ሰላጣ አለ› ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። እንጉዳይ፣ ቃሪያና ሽንኩርት በቤት ዘይት ተቀብቶ፣ ግሪሉ ሥጋ ሳይነካው አስቀድሞ፣ ወይም በፎይል ላይ ይጠበስ። ብዙ ሰው የሚስተው ዳቦውን ነው፤ ብሪዮሽ የሚባለው ለስላሳው የበርገር ዳቦ ቂቤ፣ ወተትና እንቁላል አለው። ማሸጊያው ላይ ይነበብ። ሐላል ሥጋም ካለ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ጉጠት፣ የራሱ የግሪል ጎን ይኑረው፤ ስሙ በማርከር ይጻፍበት።

በእጅ የሚበላ ሕዝብ የእጅ መታጠቢያ ሳይዝ መሄዱ ሁልጊዜ ይገርመናል። ባለ 5 ጋሎን፣ ከሥሩ ቧንቧ ያለው የውኃ ጀሪካን መዝጊያው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፣ ሳሙና በገመድ ይንጠልጠል፣ ከሥሩ ባልዲ። ሳኒታይዘር የቂቤና የስብ እጅ አያጸዳም።

እሳቱን በተመለከተ ጋዝ ይቀላል፤ ከሰል ይጣፍጣል፣ ግን ጣጣው ከጨዋታው በኋላ ነው። ባለ 1 ፓውንዷ ትንሽ የፕሮፔን ጣሳ 10,000 ቢቲዩ (በሰዓት የሚሰጠው ሙቀት መለኪያ) ለሆነ ግሪል በሙሉ እሳት 2 ሰዓት ያህል ትሠራለች፤ ባለ 20,000 ከሆነ 1 ሰዓት። ለ20 ሰው ሁለት ይያዝ፣ ሦስተኛ መጠባበቂያ። ትልቁ ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ምን ያህል እንደቀረው በማንቀጥቀጥ አይታወቅም፤ ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጾበታል፣ በሚዛን ተመዝኖ ያ ይቀነስለት። ሲጓጓዝ ቆሞ፣ ተዘግቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ መስኮት ገርበብ ብሎ ይሁን፤ ሲደረስ ወዲያው ከመኪናው ይውጣ። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ቢቀባ ማፍሰሱን በአረፋው ያሳያል። ጣሳዋ በብርድ ቀን እሳቷ የሚደክመው ጋዙ ስላለቀ ላይሆን ይችላል፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ ጣሳዋም ውርጭ ትለብሳለች። ከበረዶ መሬት ላይ ማንሳት ይረዳል። ቡቴን የሚጠቀም ምድጃ ግን 31 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ጨርሶ መሥራት ያቆማል፤ ዲሴምበር ላይ ይዞት መሄድ ከንቱ ነው።

ከሰል የሚመርጥ በማቀጣጠያ ቆርቆሮ ከወረቀት ጋር ያቀጣጥለው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ዳር ዳሩ ነጭ አመድ ሲይዝ ይዘርጋ። ፈሳሽ ማቀጣጠያ ለብዙ ሰዓት ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። እጅግ የሚያስፈራው ሰው ወደ ጨዋታው ሲጣደፍ ነው፦ ያልጠፋውን ግሪል መኪናው ሥር ገፍቶ የሚገባ አለ። ከላዩ ነዳጅና ዘይት አለ። አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም እስከ 2 ቀን ሊቆይ ይችላል። ውኃ ይደፋበት፣ ይማሰል፣ እንደገና ይደፋበት፣ በእጅ ጀርባ ሲቀርቡት ሙቀት እስከማይሰማ ድረስ፤ ከዚያ ፓርኪንጉ ያስቀመጠው የፍም በርሜል ካለ እዚያ፣ ከሌለ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ። ፕላስቲክ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይሆንም። ብርድ ነው ብሎ ግሪል ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና ማስገባትም ገዳይ ነው፤ እየሞተ ያለ ከሰል እንኳ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።

መኪናው የሚጫነው በተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ድንኳኑ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ ይገባል። ከሱ በፊት ጠረጴዛው፣ ከዚያ በፊት ግሪሉ (መጋል ስላለበት)፣ ከሥር ደግሞ ወንበሮቹ። የምግቡ ኩለር ሙቀት ያለበት የኋላ ጭነት ውስጥ ሳይሆን አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ወንበር ላይ ይሂድ፤ ሲደረስም ከድንኳኑ ጥላ ሥር፣ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ይዙር። ባለ 10 በ10 ጫማ ድንኳን አስፋልት ላይ ካስማ የለውም፤ ነፋስ ሲመጣ የሚበርረው ወደ ጎረቤት መኪና ነው። በእያንዳንዱ እግር 40 ፓውንድ ይንጠልጠልበት። ውኃ የተሞላ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ 42 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ ከቤት ባዶውን ይዞ እዚያ መሙላት ነው። ገመዱ ከብረቱ ላይ እንጂ ከጨርቁ አይታሰር።

ትናንሾቹ ነገሮች በአንድ ክዳን ባለው ግልጽ ሣጥን ይቀመጡ፤ ሣጥኑም ዓመቱን በሙሉ አይፈታ፣ የጎደለው ብቻ ይተካ፦ ሁለት ላይተር፣ ጠርሙስና ጣሳ መክፈቻ፣ ፎይል፣ ጨው፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ የፀሐይ ክሬም፣ የቁስል ማሸጊያ፣ የቃጠሎ ቅባት፣ መቀስ፣ ቢያንስ 10 ትላልቅ የቆሻሻ ላስቲኮች። ወረቀት ሳህን ለሰው ሁለት፣ ናፕኪን ለሰው አራት አምስት፤ የዶሮ ክንፍ ካለ እጥፍ። አንድ ነገር ደግሞ ማንም አያስብም፦ መዝጊያው ለ4 ሰዓት ተከፍቶ፣ የውስጥ መብራቱ በርቶ፣ ሬዲዮው እየዘፈነ ባትሪው ያልቃል። የማስነሻ ኬብል ወይም ተንቀሳቃሽ ማስነሻ ይያዝ፤ መብራቱም ከመጀመሪያው ይጥፋ።

ወደ ጃንዋሪ ሲቃረብ፣ በተለይ በሰሜኑ፣ ኩለር ሥራውን ይገለብጣል። ዲሴምበር 31 ቀን 1967 ግሪን ቤይ በላምቦ ፊልድ የተካሄደው የኤንኤፍኤል ሻምፒዮና ሲጀመር ሙቀቱ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ፋራናይት ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ቢራ ከ28 ዲግሪ በታች በረዶ ስለሚሆን ጣሳው ያብጣል፣ ይፈነዳል። ኩለሩ ያለ በረዶ፣ በፎጣ ተሞልቶ፣ መጠጡን ከብርድ ለመጠበቅ ይውላል። ቂቤና ሶስም በብብት ካልሞቁ አይወጡም።

ሰዓቱን ከጨዋታው መጀመሪያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሊጀመር 3 ሰዓት ሲቀረው እሳቱ ይያያዝ፣ 1 ሰዓት ከሩብ ሲቀረው የመጨረሻው ሥጋ ይውረድ፣ 1 ሰዓት ሲቀረው ከሰሉ ላይ ውኃ ይደፋበት፤ በር ላይ ሰልፍ አለ። ወደ ውስጥ ከመግባት በፊት ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየው፣ ቢያምርም፣ ይጣላል። ጨዋታው ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የሚበላው ኩለሩ ውስጥ ሳይከፈት የቆየው ብቻ ነው፣ እሱም ቴርሞሜትሩ ከ40 በታች ካሳየ። የትራፊኩ ሰልፍ እስኪቃለል ሆት ዶግ መጥበስ ለተራበው ሹፌር ጥሩ ነው፤ ሹፌሩ የሚጠጣው ግን ውኃ ብቻ ይሁን፣ ማን እንደሚነዳም ጠዋት ከቤት ሲወጣ ይወሰን።

ሲመለሱ ሁሉም ደክሞ ኩለሩን ዘግቶ ጋራዥ ውስጥ ይተወዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ በሳሙና አይለቅም። ያንኑ ማታ ውኃው ይደፋ፣ በሙቅ ውኃና ሳሙና ይታጠብ፤ ጥሬ ሥጋ የነበረበት ከዚያ በኋላ በአንድ ጋሎን ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተጨምሮ ይጠረግ፤ የማፍሰሻውም ቡሽ ተነቅሎ ይታጠብ፣ ዝቃጩ የሚሸሸገው እዚያ ነውና። ክዳኑ ሳይዘጋ፣ በመሃሉ እንጨት ገብቶበት ይደር።

ከአክብሮት ጋር፣
ቴይልጌት የሚያሰናዱ የጋዜጣችሁ አንባቢዎች